የአሰልጣኝ ህሩይ ቀኝ ትከሻ

የቁስቋሟ እመቤት ምስክሬ ናት፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሆነ ነገር ነው። አላምንም የሚል ጎንደር ላይ ማራኪ ሰፈር በሚሄደው ሚኒባስ ይሳፈርና ይጠይቅ፤ ቂጡ ወንበር ሳይነካ ሾፌሩ ይጀምርለታል።

ማራኪ ውስጥ «ያለ ቢላ» የሚባል የስፖርት ጉዳት ክሊኒክ ነበረ። ባለቤቱ ዶክተር እንዳልካቸው ስለ ራሱ ያለው ግምት ከፋሲል ግንብ በአንድ ፎቅ ይበልጣል። ጉልበት ቢዞር፣ ወገብ ቢቆለፍ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና ቀጥ አደርጋለሁ ባይ ነው። በሩ ላይ ያሰቀለው የራሱ ፎቶ ከመግዘፉ የተነሣ ርግብ ጆሮው ውስጥ ጎጆ ሠርታ ሦስት ጫጩት አሳድጋለች።

በዚህ ክሊኒክ የመልመጃ ክፍል ውስጥ፣ ሰኞ ማለዳ፣ ትከሻውን ሊታከም የሚመላለሰው የመረብ ኳስ አሰልጣኝ ህሩይ ሞቶ ተገኘ።

ኢንስፔክተር አበቡ ስትደርስ ሬሳው ከመንጠልጠያው ብረት ሥር በጀርባው ተጋድሟል፤ ማጅራቱ ተሰብሯል። እጅ እንዳያንሸራትት የሚቀባው ነጭ ዱቄት ሁለቱንም መዳፎቹን ለቅልቋቸዋል። ከራስ በላይ ባለው ብረት ላይም የሁለት እጅ ነጭ ምልክት አለ። አበቡ በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ሥራዋ አንድም ሕያው ሰው ንቃ እንጂ አክብራ አታውቅም። ሬሳን ታከብራለች፤ ሬሳ አይዋሽም ባይ ናት። ይኼኛው ግን እንዲዋሽ የተሰናዳ መሰላት።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ዶክተሩ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ተንጠልጥሎ ሲሠራ አንሸራተተው። ጥላው የወጣችው ይቺ ፊዚዮቴራፒስት ናት። ይሰሯት!»

ፊዚዮቴራፒስቷ ማርያማዊት ጥግ ላይ ቆማለች። በቸልተኝነት ሰው ገደለች ከተባለ ቀጥታ ወደ እስር ቤት ነው።

«የት ሄደሽ ነበር?» አለቻት አበቡ።

«በረዶ ላመጣ፣ ማዶ ካለው ጭማቂ ቤት። የእኛ ፍሪጅ ከተበላሸ ሳምንት አልፎታል። በሩን ቆልፌ ሩብ ሰዓት ብቆይ ነው፤ ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«በረዶ የሌለው የስፖርት ክሊኒክ!» አበቡ ወደ ዶክተሩ ዞረች። «ለፎቶዎ ግን የማታ መብራት ተክለውለታል። ጎበዝ!»

ማርያማዊት የሥራ ደብተሯን ሰጠቻት። አበቡ ገለጥ አድርጋ አየችና በብብቷ ሸጎጠችው።

ቀጥሎ አያ ባዬን ደጅ ላይ ለብቻቸው አነጋገረቻቸው። አያ ባዬ ዶክተሩ ከማክሰኝት ገበያ ያመጣቸው ወጌሻ ናቸው። ነጭ ጋውን አልብሶ፣ «የጡንቻ ስፔሻሊስት» ብሎ ስማቸውን በር ላይ ለጥፎላቸዋል። ጋውኑን ከጋቢያቸው በላይ ነው የደረቡት።

«ህሩይ ጠላት ነበረው፣ አያ?»

«ኧረ ልጄ፣ ሰው ማስቀየም የማይሆንለት ሸጋ ሰው! ያቺን ተጫዋቹን፣ ቃልኪዳንን ታውቂያታለሽ? ይኼ ጉደኛ ዶክተር ጉልበቷን በማደንዘዣ እየወጋ አጫወታት፤ ጉልበቷም እንዳልሆነ ሆኖ ቀረ። ህሩይ ዛሬ ጤና ቢሮ ቀርቦ ሊመሰክር ነበር። ቅዳሜ መጥቶ ዶክተሩን ‹ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው አስቀድሜ የምነግርህ› ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ።»

«ቅር አለው?»

«ሳቀ እንጂ! ለፎቶ ካልሆነ ስቆ የማያውቅ ሰው፣ ሲስቅ ጊዜ እኔ ፈራሁ።»

አበቡ ተመልሳ ሦስቱንም በአንሶላ በተሸፈነው ሬሳ ዙሪያ አቆመቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩን ይዘዋል።

«ይህ ሰው አልወደቀም» አለች። «ማጅራቱን የመታው ሰው አለ። ያው ሰው የሟቹን መዳፎች ዱቄት ቀባ፤ በገዛ እጆቹም ብረቱ ላይ ምልክት አደረገ። የክሊኒኩ ቁልፍ ያለው በሦስታችሁ እጅ ነው። አያ ባዬ፣ ህሩይ በቀኝ እጁ ብረቱን ይደርስበት ነበር?»

«በቀኙ? ጢሙንም አይደርስበት! ሸሚዙን የማወልቅለት እኔ አይደለሁ?»

«ማርያማዊት?»

«ዐርብ ለክቼዋለሁ፣ ደብተሩ ላይ አለ፤ እጁ ከደረቱ አያልፍም። ዶክተር ሳይገቡ ጠዋት ጠዋት በድብቅ ነበር የምሠራለት። ‹እንዳልዳንኩ ካወቀ ይከፋዋል፣ አደራሽን› ይለኝ ነበር።»

«ዶክተር?»

«ቅጥፈት ነው!» ዶክተሩ ደም ሥሩ ተገታተረ። «ያን ትከሻ በሦስት መርፌ የፈታሁት እኔ ነኝ! በሁለት እጁ ይንጠለጠላል!»

«ሲያነሳው አይተዋል?»

«ምን ማየት ያስፈልጋል? ‹ድኛለሁ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ› ብሎኛል!»

አበቡ እንደ ቆሻሻ ነገር አየችው።

«ህሩይ እጁን እንደማያነሳ ፀጉር ቆራጩ ሳይቀር ያውቃል። እነዚህ ሁለቱ ቢገድሉት ኖሮ ከብረት ወደቀ የሚል ወሬ አይፈጥሩም፤ ቀኝ መዳፉንም ዱቄት አይቀቡም። ይህን ተረት መፍጠር የሚችለው የህሩይን መዳን ያመነ ሰው ብቻ ነው። በጎንደር ከተማ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አለ፤ አንተ! ለምስክርነቱ ብለህ ገደልከው። ሊመሰክርብህ መሆኑን የነገረህ በይሉኝታ ነው፤ በዚያው ሞተ። ድኛለሁ ያለህም በይሉኝታ ነው፤ በዚያው ተያዝክ። የብረቱን አሻራ ምርመራው ነገ ይነግረናል፤ እኔ ግን አንተን ለማሰር ነገን አልጠብቅም። አንቺ ልጅ፣ ወደ ቤትሽ!»

ማርያማዊት እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። ዶክተሩም ካቴናው ሲገባለት አንገቱን ደፋና «ይቅር በሉኝ» አለ።

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ግን የእኔ ፈጠራ ናት፤ ምዬ ዋሽቼ አልቀርም። ነፍሰ ገዳይም ቢሆን ትንሽ ሰው ቢመስልላችሁ ብዬ አዘንኩለት። የእውነቱን ከሆነ ይቅርታ የሚባል ነገር ካፉ አልወጣም። እየጎተቱ ሲያስወጡት በሬሳው በኩል አለፈና፣ ቆም ብሎ ተቆጣው፤

«ታዲያ ምነው ድኛለሁ አልከኝ?»