የአብዱልሐሊም ዕቃቃ

«ሄደሽ አሞታል በይ» አለ አባቷ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ። «ነገ አይችልም በያቸው። ለበጉ ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

ሩቂያ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። «ምኑን አመመው ቢሉኝስ?»

«ራሱን በይ፣ ሆዱን በይ። የፈለግሽውን በይ።»

አባቷ አብዱልሐሊም ራሱንም ሆዱንም አላመመውም። ምሳውን ጥርግ አድርጎ በልቷል። ምን እንደነካው ግን ሩቂያ ከራሱ ይልቅ ታውቃለች፤ የነካችው እሷ ናትና። ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችና ወጣች። እናቷ አራስ እህቷን ልትጠይቅ ግራና ከተማ ከሄደች ሳምንት አልፏታል፤ ቤት ውስጥ ይህን ነገር የምትነግረው ሌላ ሰው አልነበረም።

ነገ እሑድ የጋሽ መለሰ ልጅ ክርስትና ነው። ጋሽ መለሰና ባለቤታቸው እትዬ ፋንቱ አሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሲለምኑ ኖረው ያገኟት ሴት ልጅ ሰማንያ ቀኗ ነው። መርሳ ከተማ ላይ ክርስቲያን ሲደግስ በጉ ሁለት ነው፤ አንዱ ለክርስቲያኖቹ፣ አንዱ ለሙስሊሞቹ። የሙስሊሞቹን ሙስሊም ቢስሚላህ ብሎ ያርደዋል፣ በራሱ ድስትም ይሠራል። በጋሽ መለሰ ቤት ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ያን በግ ከአብዱልሐሊም በቀር ማንም አርዶት አያውቅም። ይህችን ልጅ ያህል ነገር አግኝተው ሲደግሱ አብዱልሐሊም ቢቀር፣ አገሩ ሁሉ «ምን ተጣሉ?» ማለቱ አይቀርም።

ነገሩ የጀመረው ዓምና፣ በአንድ የገበያ ቀን ነው። አብዱልሐሊም ሰልባጅ ከምትሸጠው ከአስካለ ዘንድ ጃኬት ሊገዛ ሄዶ፣ ከጨርቆቹ አጠገብ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ፕላስቲክ ያያል። አንዱ ባንዱ ላይ ቀጭ ብሎ የሚገጣጠም የመጫወቻ ጡብ ነው፤ ከልብሱ ጋር ተጠቅልሎ የመጣ። አስካለ እንዴት እንደሚሸጥ ግራ ቢገባት እንደ ሽንብራ በጣሳ ትሰፍረው ነበር፤ ምራቂም ትጨምርበታለች። «ለልጅዎ ነው?» አለችው። «አዎ፣ ለልጄ ነው» አላት። ልጁ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ መጫወቻ ከተወች ቆይታለች።

አብዱልሐሊም የመሬት ቀያሽ ነው። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ መንገድ ያስወጣ ሰው፣ ዘመዱም ቢሆን፣ ያስመልሰዋል። ስለዚህ ብዙ ሰው አይስቅለትም፤ እሱም ለብዙ ሰው አይስቅም። ቤቱ ገብቶ ጣሳውን ምንጣፍ ላይ ሲዘረግፈው ግን ሌላ ሰው ሆነ። መጀመሪያ የፈላ ውኃ አፈሰሰበትና ግማሹን አጣመመው። «ለካ ለብ ያለ ነው የሚፈልገው!» ብሎ በራሱ ሳቀ። ቀጥሎ በየቀለሙ ለይቶ በእንቁላል ካርቶን ደረደረው፤ ከቀዮቹ መካከል አንዲት ትንሽ ቀይ ሲፈልግ ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። በቴሌግራም አዲስ አበባ ያሉ እንደሱ ትልልቅ ሰዎች ጡብ የሚሰበስቡበትን ቡድን ያገኘው ያን ሰሞን ነው። በቀለም ሳይሆን በቅርጽ ለይ አሉት፤ ቀለም ለዓይን ራሱን ያሳያል፣ ቅርጽ ግን ይደበቃል። አፍርሶ እንደገና ለየው።

ስም ያወጣችላቸው ሩቂያ ናት። ስምንት ጉብታ ያለው «ባለ ስምንት»፣ አራት ያለው «ባለ አራት»፣ ጠፍጣፋው «ቂጣ»። ጁምዓ ከሰዓት አባትና ልጅ ምንጣፉ ላይ ይንበረከካሉ፤ እሷ በሳፋ ታጥባለች፣ እሱ ይገጥማል። ከመናኸሪያው እስከ መስጊዱ ያለውን የመርሳን መንገድ ነበር የሚሠራው፤ በልኩ፣ እያንዳንዱን ሱቅ ቆጥሮ። «ቂጣ አቀብይኝ» ይላታል። እሷም «ከነወጡ?» ትለዋለች። የአባቷን ሳቅ በደንብ ያወቀችው ያኔ ነው።

ከቤተሰቡ ውጭ ይህን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ አብዱልሐሊም በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ፕላን የሚነድፉት ጋሽ መለሰ። ወልድያ ለስብሰባ በሄዱ ቁጥር ኪሳቸውን በጡብ ሞልተው ይመጣሉ። መጥተውም ጫማቸውን ሳያወልቁ ይጀምራሉ፦ «እህስ አብዱ፣ ዕቃቃው እንዴት ዋለ?» ዕቃቃ ሕፃናት በቆርኪ አፈር ወጥ የሚሠሩበት ጨዋታ ነው። አብዱልሐሊም ይህን ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማ ይቆጣ ነበር፤ ከመለሰ ሲሰማው ግን «ና ቁጭ በል፣ ላንተም ወጥ አለ» ይላል።

ሩቂያ ያንን ቃል ነው ወደ ትምህርት ቤት ይዛው የሄደችው።

ከሦስት ሳምንት በፊት በእረፍት ሰዓት ነበር። ሳሚራ፣ የስምንተኛ ክፍል ንግሥት፣ አባቷ በአብዱልሐሊም ልኬት አጥራቸውን ስለመለሱ ቂም ይዛለች። «አባትሽ ግን ሲፈጠሩም በሜትር ነው እንዴ? ቤት ውስጥም ፊታቸው እንዲሁ ነው?» አለቻት። ሴቶቹ ሁሉ ሩቂያን አዩዋት። ሩቂያ መቀለድ ነበረባት፣ ወይም ዝም ማለት። «ኧረ ተዪኝ፣ ቤት ሲገባማ ዕቃቃ ነው የሚጫወተው» አለች። ከዚያም ምንጣፉን፣ ሳፋውን፣ ቂጣውን፣ ሁሉንም ዘርዝራ ነገረቻቸው፤ አባቷ በሆዱ ተኝቶ አንዲት የፕላስቲክ ዛፍ ሲተክል የሚያወጣውን ምላስ ሳይቀር አሳየቻቸው። ሳሚራ ከሳቅ ብዛት ትከሻዋ ላይ ተደገፈች። እንደዚያ ቀን ተወድዳ አታውቅም።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሳሚራ እህት አብዱልሐሊም መሥሪያ ቤት ትሠራለች። ሳምንት ሳይሞላ አብዱልሐሊም ጠረጴዛው ላይ አፈር የተሞላ ቆርኪ አገኘ። አጥር ሊለካ በሄደበትም አንዱ «ጋሽ ዕቃቃ፣ በእውነተኛው ሜትር ይለኩን እንጂ!» አለውና ሰፈሩ ሳቀ። አብዱልሐሊም ቤት ገብቶ ያለው አንድ ነገር ነው፦ «ቃሉ የመለሰ ነው። ከእሱ ሌላ የሚያውቅ የለም።» ሩቂያ እጇን ሳፋው ውስጥ እንደነከረች ዝም አለች። በማግስቱም ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ዝምታው እየከበደ ስለሄደ፣ በየቀኑ ለነገ ታሳድረው ነበር።

የጋሽ መለሰ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ዳስ እየተጣለ ነው፤ ሴቶች ሽንኩርት ይልጣሉ። ሳሚራም ከእናቷ ጋር መጥታ ነጭ ሽንኩርት ትፈለፍላለች። ሩቂያን ስታያት ዓይኗን ጠቀሰቻት። «ጋሽ ዕቃቃ ደኅና ናቸው?» አለች በሹክሹክታ። ሩቂያ ፊቷን አዙራ አለፈች። ጥግ ላይ ሁለት በጎች ታስረዋል፤ ቀዩ ለብቻው፣ ከነሣሩ።

ጋሽ መለሰ የዳሱን ገመድ ሲወጥሩ አገኘቻቸው። «ሩቂ! አባትሽስ? ቢላውን ስሎ ጨረሰ?»

«አባ... አሞታል ጋሼ። ነገ አይችልም። ሌላ ሰው ይፈልጉ ብሏል።»

ገመዱ ከእጃቸው ወደቀ። «አሞት ነው እንዴ ሰሞኑን ቢሮ ፊቱን የነሳኝ? እኔ ደግሞ ምን አስቀየምኩት እያልኩ! ፋንትዬ፣ ኮቴን አቀብይኝ!»

ሩቂያ ደነገጠች። እሷም አባቷም ሁሉን አስበው አንዱን ረስተዋል። በዚህ አገር «አሞታል» የተባለ ሰው ይጠየቃል፤ ያውም በዚያው ቀን። «ኧረ ይቅር ጋሼ፣ ተኝቷል። ድግሱን ጥለው...» አለች።

«ድግሱ የትም አይሄድ። አብዱ ታሞ እኔ ገመድ ልወጥር?»

ወጡ። እሳቸው በሰፊው ይራመዳሉ፣ እሷ ከኋላ ትጎተታለች። አስፋልቱ ዳር የፍራፍሬ ሱቅ ጋ ቆሙና ብርቱካን አንድ በአንድ እያገላበጡ መምረጥ ጀመሩ። «ይኼ ጎምዛዛ ነው፣ ለሆድ አይሆንም» ይላሉ ለራሳቸው። «ለአባትሽ ጣፋጩን ነው። ትኩሳት አለው?»

ሩቂያ ከዚህ በላይ መቻል አቃታት። «አላመመውም» አለች።

«እ?»

«አባን አላመመውም። ዕቃቃ የሚለውን ለሰው የነገሩት እርስዎ ነዎት ብሎ ነው። እርስዎ አይደሉም። እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት እኔ ነኝ ያወራሁት... ለሳሚራ። ከዚያ ሰው ሁሉ ሰማ። አባ እርስዎን ሲጠረጥር እኔ ዝም አልኩ።»

በአንድ ትንፋሽ ነው ያለችው። ጋሽ መለሰ ብርቱካኑን እንደያዙ ቆዩ። ይቆጡኛል ብላ ጠበቀች፤ እሳቸው ግን እሷን ማየትም የተዉ መሰሉ።

«አመነ?» አሉ።

«ምኑን ጋሼ?»

«እኔ ነኝ ብሎ አመነ?»

«...አዎ።»

«ሳይጠይቀኝ?»

ሩቂያ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያጠፋችው ነገር አንድ ቅጽል ስም ብቻ ይመስላት ነበር። ጋሽ መለሰ ፌስታሉን ቋጥረው አስያዟት።

«አድርሺለት።»

«አላመመውም እኮ ጋሼ...»

«ታሟል እንጂ። እኔን እንዲህ ካሰበኝ ታሟል።» ፊታቸውን አዞሩ። «ለበጉም አታስብ በይው። መርሳ ውስጥ የሚያርድ አላጣም።» ትከሻቸው ወርዶ ወደ ድግሱ ቤት ሲመለሱ እስኪጠፉ ድረስ አየቻቸው።

ቤት ስትደርስ አብዱልሐሊም ምንጣፉ ላይ ነበር። ከመናኸሪያው እስከ መስጊዱ የነበረው መንገድ ፈርሷል። ጡቦቹን በካርቶን አድርጎ በሲባጎ እያሰረ ነው። «ሰኞ ለመዋዕለ ሕፃናቱ እሰጠዋለሁ» አለ ቀና ሳይል። «የልጅ ነገር ለልጅ ነው የሚያምረው። ምን አሉሽ?»

ፌስታሉን መሬት ላይ አኖረችው። «ሊጠይቁህ መጥተው ነበር። ከመንገድ ነው የተመለሱት፣ እውነቱን ስነግራቸው።»

«የምን እውነት?»

«ዕቃቃ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ አባ። ለክፍል ልጆች የነገርኩት እኔ ነኝ።»

ሲባጎው እጁ ላይ ቆመ።

«ለምን?» አለ።

«እንዲስቁ ብዬ።»

«ሳቁ?»

«አዎ።»

ራሱን ነቀነቀ። ሩቂያ አለቀሰች፤ አባብለኝ ለማለት ሳይሆን መያዝ ስላቃታት ነው። አላባበላትም። ካርቶኑን ገፋ አድርጎ መዳፉን አየ።

«እኔ» አለ በመጨረሻ፣ ለእሷ ይሁን ለራሱ ሳይለይ፣ «የማላውቀው ሰው መሬት ላይ እንኳ ሁለት ጊዜ ሳልለካ ችካል ተክዬ አላውቅም። መለሰን አንዴም አልለካሁት።»

ተነሣ። ቢላውን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደና በጋዜጣ ጠቀለለው። ጫማውን አሰረ። «ልትቀሪ ትችያለሽ» አላት። ሩቂያ ግን ቀድማው በሩ ላይ ቆማለች።

የጋሽ መለሰ ደጅ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የሴቶቹ ጨዋታ ይሰማል፤ ከሁሉም በላይ የሳሚራ ሳቅ ነው የሚሰማው። አባቷ ግን አልገባም። ቢላውን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ጎንበስ ብሎ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሣ። ሰው የበደለውን ሰው ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ ተሸክሞ መግባቱን ሩቂያ ታውቃለች፤ ያየችው ግን ሽማግሌዎች ሲያደርጉት ነው። ያን የሚያህል ቀያሽ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት ግቢ፣ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ሊገባ ነው።

«አባ፣ ተው» አለችው። «እሱ የእኔ ነው። ስጠኝ።»

«ይኼ የራሴ ነው» አለ አብዱልሐሊም፣ ትከሻው ላይ እያመቻቸ።

ሩቂያ ወደ መሬት አየች። እግሯ አጠገብ ጡጫ የምታህል ድንጋይ ነበረች፤ በሻሿ ጫፍ ብትይዛት ማንም አያያትም። አለፈቻት። ከአጥሩ ሥር ግማሹ በአፈር የተቀበረውን ትልቁን ፈንቅላ አወጣችና በሁለት እጇ አንገቷ ላይ አወጣችው። አፈሩ በሻሿ ውስጥ ወደ ጀርባዋ ፈሰሰ። ከዚያ ከአባቷ ቀድማ ደጁን በክርኗ ገፋችው።