የፖዚ ሦስተኛ ጣት

«እንደገና። ስንት ዓመትሽ ነው?»

ፖዚ ጋሪዋ ላይ እንደተቀመጠች ሦስት ጣቶቿን ዘረጋች። እህቷ ኮሪን ግራ ቀኙን አየችና ሦስተኛዋን ጣት ቀስ ብላ አጠፈቻት።

«ሁለት። እስቲ በይ፣ ሁለት።»

«ሦስት! ማሚ ፍሎሪዳ ስንሄድ ሦስት ትሆኛለሽ ብላኛለች።»

«እሱ እቤት ስንገባ ነው። እዚህ ሁለት ነሽ። ሰው ሲጠይቅሽ ሁለት ካልሽ አይስክሬም ይገዛልሻል፤ ሙሉውን ብቻሽን ትበያለሽ። እኔ አልቀምስብሽም።»

ፖዚ አሰበችበት። አይስክሬም ላይ ቀልድ አታውቅም። ጣቷን ራሷ አጠፈችና «ሁለት» አለች፣ ቅር እያላት።

«ጎበዝ! ይመችሽ!» አለች ኮሪን። እውነቱን ለመናገር፣ በራሷ ኮርታ ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እናቷ የተጨነቀችበትን ነገር እሷ በአምስት ደቂቃ መላ አበጀችለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሎሪዳ ባለው የጨረቃ ሐይቅ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ምግብ የሚበላው በእጅ አምባር ነው፤ አስቀድመህ የምግብ ጥቅል ትገዛለህ፣ ከዚያ አምባርህን ማሽን ላይ እያስነካህ ትበላለህ። ከሦስት ዓመት ጀምሮ ያለ ልጅ የራሱ ጥቅል ሊኖረው ይገባል። ከዚያ በታች ያለው ጥቅል አያስፈልገውም፤ ከወላጁ ሳህን ይቀማምሳል። እናትየዋ ትሪና በየካቲት ስትገዛ ፖዚ ሁለት ዓመቷ ስለነበር ለራሷና ለኮሪን ብቻ ገዛች። የፖዚ ልደት ግን ጉዞው መሐል ዋለ፤ ዛሬ፣ ረቡዕ። መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር። ትናንት ትሪና ስልኳ ላይ የእናቶች ገጽ ስታነብ አንዷ «እኛን ልጃችን ሦስት ሞልቷታል ብለው የሳምንቱን አስከፈሉን፣ ሰው ፊት አዋረዱን» ብላ ጽፋ አገኘች። በቃ፣ ፊቷ ደም መሰለ።

«ለምን አንጠይቃቸውም?» ብላት ነበር ኮሪን።

«ኧረ ባክሽ! ከጠየቅኩማ ነቁብኝ ማለት ነው። ዝም ነው የሚሻለው። የልደቷን ነገር አታንሺ፤ እቤት ስንገባ እናከብርላታለን።»

ትሪና ኬንታኪ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት፤ የሰው ልጅ ስታበላ ነው የምትውለው። ውሸት አይሆንላትም፣ ጆሮዋ ይቀላል። እሷ ያለችው ዝም በሉ ብቻ ነው። ጣት ማጠፉን ያመጣችው ኮሪን ናት።

ምሳ ላይ ኮሪን ያዘዘችው ዓሣ መጣ፣ ሶሱ ከላይ ተደፍቶበት። ፖዚ ደግሞ ሶስ የነካው ነገር በአፏ አይዞርም። ኮሪን ዓሣውን በሶፍት ጠረገች፣ አጥንት እንዳይኖረው በጣቷ ፈታተሸች፣ ድንቹን ከዓሣው አራቀች። ፖዚ ግን የምታየው ሌላ ቦታ ነበር። አጠገባቸው ያለ ልጅ ፊት የድብ ፊት የተሳለበት፣ በሦስት የተከፈለ ሳህን አለ፤ በአንዱ ዶሮ፣ በአንዱ መኮሮኒ፣ በአንዱ ፖም። ምኑም ከምኑ አይነካካም።

«የኔስ?» አለች ፖዚ።

«የኔ ያንቺ አይደል? እንኪ፣ አፍሽን ክፈቺ።»

«የኔ ሳህንስ?»

ትሪና ሹካዋን አስቀመጠች። «ማሬ፣ ሳህን ሳህን ነው፤ ብይ በቃ» አለች። ጆሮዋ ቀላ። ፖዚ ሦስት ጉርሻ በልታ አፏን ዘጋች። ኮሪን የተረፈውን በላች፤ ቀዝቅዞ ነበር።

ከምሳ በኋላ ድቡ ባርናቢ ወደ አደባባዩ መጣ። የድብ ልብስ የለበሰ ሰው መሆኑን ኮሪን ታውቃለች፤ ላቡ እንዴት እየፈሰሰ ይሆን ብላም አዘነችለት። ለፖዚ ግን ባርናቢ ባርናቢ ነው። ድቡ አይናገርም። ልጆቹ ፊት እየተንበረከከ፣ ጣቱን እየቆጠረ «ስንት ዓመትህ ነው?» ብሎ በምልክት ይጠይቃል። ልደቱ የሆነ አንድ ልጅ ትልቅ ቢጫ ባጅ ደረቱ ላይ ለጠፈለት፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ ተዘፈነ።

ቀጥሎ ድቡ ፖዚ ፊት ተንበረከከ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ጣቱን አሳያት።

ፖዚ ሦስቱን ዘረጋች። ከዚያ ዞር ብላ ኮሪንን አየቻት። ኮሪን ቅንድቧን ከፍ አደረገች። ፖዚ በሌላኛው እጇ ሦስተኛዋን ጣት ይዛ ወደ ታች አጠፈቻትና አጥብቃ ያዘቻት። ድቡ ሁለት ጊዜ አጨበጨበላት፣ ጭንቅላቷን ዳሰሰና ወደሚቀጥለው ልጅ ሄደ።

«አየሽ? ቀላል ነው!» አለች ኮሪን። ድምፅዋ ግን ለራሷም አልጣማትም።

ወዲያው የከሰዓቱ ዝናብ እንደ ልማዱ ዱብ ዱብ አለ። አይስክሬም ቤቱ ታዛ ሥር ተጠለሉ። ኮሪን ቃሏን ጠበቀች፤ በአምባሯ የሚደርሳትን የቀኑን መክሰስ ለፖዚ በእንጆሪ አይስክሬም ለወጠችላት። ፖዚ ዝም ብላ ላሰች። ሌላ ቀን ቢሆን ስለ ቀለሙ፣ ስለ ማንኪያው፣ ስለ ነጎድጓዱ ትለፈልፍ ነበር። ግማሹ ክርኗ ላይ ፈሰሰ። ባጅ የለጠፈው ልጅ በፊታቸው ሲያልፍ በዓይኗ ሸኘችው።

«ምን ሆነች?» አለች ትሪና።

«ደክሟት ነው» አለች ኮሪን። ይህም ውሸት ነበር።

ራታቸውን የበሉት ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሐይቁ ዳር ካለው ምግብ ቤት ነው። አስተናጋጇ ዋንዳ የምትባል ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ሰባት ሳህን ክንዷ ላይ ደርድራ ስትሄድ ቅንጣት አይጨንቃትም።

«እናንተዬ፣ ይቺ ቆንጆ ደግሞ የማናት? ስንት ዓመትሽ ነው የኔ ማር?»

ትሪና ሜኑው ውስጥ ተደበቀች። ፖዚ ማንንም ሳታይ ሁለት ጣት አወጣች። ሦስተኛዋን ማጠፍ እንኳን አላስፈለጋትም፤ ከመጀመሪያውም አላነሳቻትም።

«ሁለት! በይ ከማሚ ሳህን የምትቀምሺበት ትንሽ ሳህን አመጣልሻለሁ» ብላ ዋንዳ ውሃ ልትቀዳ ዞረች።

ፖዚ ወደ ኮሪን ጆሮ ተጠጋች። ትንፋሿ እንጆሪ እንጆሪ ይላል።

«ኮሪ፣ ሦስት መሆን ጥፋት ነው?»

ኮሪን ወደ እናቷ ዞር አለች። ቢነቃባቸው እናቷ እዚህ ሰው ሁሉ ፊት ስትዋረድ ታያታለች፤ ምናልባትም ነገ ሻንጣቸውን ይዘው ይወጣሉ። ዝም ካለች ደግሞ ለፖዚ አዎ ያለቻት ይመስላታል። ትንሿ ፊት መልሱን እየጠበቀች ነው።

«ሦስት ናት» አለች ኮሪን፣ ጮክ ብላ። «ዛሬ ሞላት። ልደቷ ዛሬ ነው።»

«ኮሪን!» አለች ትሪና።

ዋንዳ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። ትሪናን አየች፣ የቀላውን ጆሮዋን አየች፣ ገባት መሰል።

«መቼ ነው የመጣችሁት?»

«እሑድ» አለች ትሪና፣ በማይሰማ ድምፅ። «እከፍላለሁ፤ እባክሽ ልጆቹ ፊት ብቻ...»

«እሑድ ሁለት ነበረች አይደል? እንግዲያው ምንድነው የምትከፍይው? እኛ የምንቆጥረው የገባችሁበትን ቀን ነው። እስክትሄዱ ድረስ ለእኛ ሁለት ናት። ወይ ጉድ! ለዚህ ነው ልጅቷን ያስጨነቃችኋት?»

ትሪና ሜኑውን አስቀመጠችው። «ምነው በጠየቅኩ» አለች። «አፌን ከፍቼ አንድ ቃል ብጠይቅ ምን ነበረበት?»

«እኔም የሚቆጨኝ እሱ ነው» አለች ዋንዳ። «የዛሬ ልደተኞች ጠዋት ከባርናቢ ጋር ቁርስ በልተዋል። ስማቸው ሁሉ ተጠርቷል። አሁንማ አለፈ። ቆይ ግን፣ ባጅ አላጣም።»

ሄዳ ቢጫ ባጅ ይዛ መጣች። ኮሪን ተቀብላ ፖዚ ፊት ተንበረከከች፤ ልክ ድቡ እንዳደረገው።

«ፖዚ፣ ተሳስቼ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሦስት መሆን ጥፋት አይደለም። ሦስት ነሽ። እስቲ አሳዪኝ።»

ፖዚ እጇን ጨብጣ ከጀርባዋ ደበቀች።

«ሁለት ነኝ።»

«ኧረ አይደለሽም! ይኸው ባጁ፣ ያንቺ ነው!»

«አይስክሬሙን እኮ በላሁት» አለች ፖዚ። «አለቀ።»

ትሪና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ኮሪን የፖዚን ጭብጥ ይዛ ጣቶቿን ልትከፍት ሞከረች፤ ትንሿ እጅ ይበልጥ ጠነከረች። ያን ጊዜ ጠዋት ጣቷን እንዴት እንዳጠፈቻት ትዝ አላት፤ አሁንም ያንኑ እያደረገች ነው። ለቀቀቻት። ባጁን ጠረጴዛው ላይ፣ ፖዚ እጇ የሚደርስበት ቦታ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወደ ዋንዳ ዞረች።

«በኔ አምባር የልጆች ሳህን ማዘዝ እችላለሁ? የድብ ፊት ያለበትን?»

«ትችያለሽ። ግን ያንቺ ራት እኮ እሱ ሆነ ማለት ነው።»

«እሺ። ምኑም ከምኑ እንዳይነካካ።»

ሳህኑ ሲመጣ ኮሪን ሙሉውን ፖዚ ፊት አስቀመጠችው። ዶሮውን አልቆረጠችላትም፣ አላጎረሰቻትም፣ ስንት ዓመትሽ ነው ብላም አልጠየቀቻትም። ፖዚ የሳህኑን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከመኮሮኒው ጀመረች።

ትሪና የራሷን ሳህን ወደ ኮሪን ገፋ አደረገችላት። «ከኔ ብይ» አለች።

«አይ ማሚ። ከሷ እቀምሳለሁ፤ ከሰጠችኝ።»

ባዶ ሹካዋን ይዛ ጠበቀች።