ልቡ እስኪቆም

ዶክተሩ ማይክሮፎኑን ሲቀበል የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በጭብጨባ ተናጋ። አንዲት ተማሪ ብቻ አላጨበጨበችም። ጓደኞቿ «ነገረኛዋ» ይሏታል፤ ዛሬ ፊት ወንበር የያዘችውም ነገር ይዛ ስለመጣች ነው።

አምና «እትዬ» የምትላት ታላቅ እህቷ አምስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ሐኪም ቤት የተቀበላቸው ይኸው ሰው ነበር። ፅንሱ እንደማይተርፍ፣ ቶሎ ካልወጣ ደግሞ እናትየዋን እንደሚመርዛት ራሱ ነገራቸው። ግን አልነካትም።

«ልቡ ገና እየመታ ነው» አለ። «ሳይቆም ብነካት አዲሱ ሕግ ያስረኛል።»

ልቡ እስኪቆም ሲጠብቁ እትዬን ትኩሳት አንቀጠቀጣት፤ ሰው መለየት አቃታት። በመጨረሻ ያተረፏት ማህፀኗን አውጥተው ነው።

ዶክተሩ ስለ ሙያው ተናግሮ ሲጨርስ «ጥያቄ ያለው?» አለች መምህሯ።

ብድግ አለች። «ዶክተር፣ ሥራዬ ሰው ማዳን ነው አሉን። እያወቁ ቆመው ያዩዋት ሴት የለችም?»

«አንቺ! ሥርዓት ያዢ!»

ዶክተሩ መምህሯን በእጁ አስቆማት። ልጅቷ እንዲክድ ነበር የምትጠብቀው፤ ሲክድ ሁሉንም ልታፈነዳው።

«አለች» አለ። «ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። እስር ፈራሁ።»

ንዴቷ አልበረደም፤ ጭራሽ ባሰ። ከኋላዋ አንዱ «ማናት ባክሽ? እናውቃታለን?» ብሎ ሲያንሾካሹክ ግን አፏን ገጠመች። እትዬ የደረሰባትን ለጎረቤት እንኳን አልተናገረችም።

ዶክተሩ ሲወጣ መኪናው ጋ ደረሰችበት።

«እህቷ ነሽ» አለ አይቷት። «ይቅር...»

«ይቅርታዎን አልፈለግኩም። አንዲት የሰብአዊ መብት ጠበቃ ሕጉ እንዲሻር ክስ መሥርታልናለች። ጉዳዩ በዝግ ችሎት ነው የሚታየው፤ የሚመሰክር ሐኪም ግን ጠፋ። ለእኛ ያሉትን ለዳኛው ይበሉት።»

«ሥራዬን አጣለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«እሷስ ምን አጣች?»

የመኪናውን በር ከፈተ። «ላስብበት።»

«ያስቡበት» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ቤት አልታጠፈችም። ሐኪም ቤቱ ገባችና ከዶክተሩ ምርመራ ክፍል በር ትይዩ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ተረኛዋ ነርስ «ማንን ነው የምትጠብቂው፣ እናቴ?» አለቻት።

«ዶክተሩን። ነገም እመጣለሁ።»