የዳሞቱ ማይክሮዌቭ የጠፋ ቀን

ኤርካሎ ዘጠኝ ዓመት በዳሞት ተራራ ላይ ሠርቷል። ሥራው የሶዶን ስልክ ከተራራ ተራራ በአየር የሚያሻግረውን አሮጌ የማይክሮዌቭ ጣቢያ መጠገን ነበር።

የትምወርቅ የመጣችው ያንን ጣቢያ ልታስዘጋ ነው። የፋይበር ቴክኒሺያን ናት፤ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር ጫፍ ለጫፍ አቅልጣ ትቀጥላለች። መስመሩ ከሶዶ ወደ አረካ እስኪቀበር፣ እሷ ከታች ቢሮ፣ እሱ ከላይ ሆነው በጣቢያው ስልክ ሦስት ወር ተነጋገሩ። መጀመሪያ ስለ ሥራው፣ በኋላ ስለ ዝናቡ። የሥራው ወሬ አልቆም ስልኩን ቀድሞ የሚዘጋ ሲጠፋ ግን መዋደዳቸው ለሁለቱም ገባቸው።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ፣ «ሚኤሶ ተመድቤያለሁ» አለችው። «በባቡር ሐዲዱ ዳር የተቀበረውን ፋይበር ልጠግን። ሰው ይፈልጋሉ። አብረን እንሂድ፤ አስተምርሃለሁ።»

ኤርካሎ ሳህኑን አየ። እንጀራውን ካሳጣችው ሴት ሥራ መቀበል ከበደው።

«እኔ ብሎን መፍታት ነው የማውቀው» አላት።

ማይክሮዌቩ የሚዘጋበት ቀን ደረሰ። ረፋዱ ላይ የጣቢያው ስልክ ጮኸ።

«ፋይበሩ ሁሉንም ተቀብሏል። አጥፋው።»

«እሺ።»

«ስታጠፋው ይሄ ስልክም ይሞታል አይደል?»

«ይሞታል።»

«እንግዲያው ሳይሞት መልስልኝ። ትመጣለህ?»

ኤርካሎ ማሽኑን አጠፋው። ዘጠኝ ዓመት ያላረፈው የማሽኑ ጩኸት ቆመ። ኤርካሎ ለማሽኑ የሚያዝን መስሎት ነበር፤ የጎደለው ግን የሷ ድምፅ ነው። በሩን ቆልፎ ቁልቁለቱን በእግሩ ወረደ።

ከታች ቢሮ መሣሪያዋን ስታሽግ አገኛት።

«ሳትመልስልኝ ዘጋህብኝ» አለችው ቀና ሳትል።

«በስልክ የሚመለስ አይደለም። ይዤው መጣሁ።»

«እና?»

«ስታስተምሪ ትቆጫለሽ?»

«በጣም።»

«ይሁን። እመጣለሁ።»

ሚኤሶ ላይ ብሎን የለመደ እጁ ክሩን እየሰበረ ወራት አስቸገረው። እሷም አላባበለችውም፤ «ድገመው» ብቻ ትለው ነበር። አንድ ቀን የዕቃ ባቡር በአጠገባቸው እያለፈ እሱ አንድ ክር ቀጥሎ ጨረሰ። የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ ጠብቃ መለኪያዋን አየች።

«ይሄኛው ይቀበር» አለች።

ያን ቀን ሽማግሌ ልላክ ወይ ብሎ ጠየቃት። «ላክ፤ አባዬ ግን ቀላል ሰው አይደለም» አለችው።

እውነትም ሶዶ ያሉት አባቷ አቶ ወልደመስቀል ሽማግሌዎቹን ሁለት ጊዜ መለሷቸው። በሦስተኛው፣ «ለመሆኑ ይህ ልጅ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ለሽምግልናው ከሚኤሶ የመጣችው የትምወርቅ ከሽማግሌዎቹ ቀድማ ከጓዳ ወጣች።

«የኔው ሥራ ነው፣ አባዬ» አለች።