የሱቁ በር ወዴት ያያል?

ፋንታዬና ምሥራቅ በአንድ ሱቅ ባለቤትነት የተከራከሩበት ሽምግልና የፈረሰው ብቸኛው ምስክር ሊመሰክር በነበረበት ጠዋት ሞቶ ስለተገኘ ነው። የሰባ አራት ዓመቱ ፎቶ አንሺ ላቀው ደባርቅ ውስጥ በገዛ ቤቱ ወለል ላይ፣ ማጅራቱን ተመትቶ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። አጠገቡ የፋንታዬ ዱላ ወድቋል። ሳጅን ገዱ ዱላውን አየ፣ ፋንታዬን አሰረ፣ ከዚያ ምሳውን በላ።

ኢንስፔክተር አልጣሽ በሦስተኛው ቀን ከጎንደር ስትደርስ ገዱ ሥራው ያለቀ መስሎት ነበር።

«ዱላው የሱ ነው። ከሟቹ ጋር ገበያ መሀል ሲጨቃጨቅ አገር ምድሩ አይቶታል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ለምን እንደገደለው።»

«በፎቶው ምክንያት ነዋ!»

ፎቶው መዳፍ የምታህል ጥቁርና ነጭ ነበረች። ባለሁለት መዝጊያ የሱቅ በር፣ ሦስት የድንጋይ ደረጃ፣ ደረጃው ላይ የቆመ ሰው፣ ዳር ላይ አንድ ልጅ። የቆመው ሰው የፋንታዬ አባት መሆኑን ማንም አልካደም። ክርክሩ በቦታውና በዘመኑ ላይ ነው። ፋንታዬ «ይህ እዚሁ ደባርቅ ያለው ሱቅ ነው፤ የሠራው አባቴ ነው» ይላል። ዛሬ በሱቁ የምትነግደው ምሥራቅ ደግሞ «የደባርቁን አባቴ በ1968 ሠራው፤ ፎቶው የዳባቱ ሱቅ ነው» ትላለች። የፋንታዬ አባት በሁለቱም ከተሞች ነግዷል። የሁለቱም ሱቆች አናጺ አንድ ሰው ስለሆነ በርና ደረጃቸው አይለይም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ፎቶውን ያነሳውን ላቀውን ጠሩ።

ፋንታዬ ከእስር ክፍሉ ሲወጣ አልጣሽን ከላይ እስከ ታች አያት።

«አንቺ ነሽ መርማሪዋ? ሰው ጠፍቶ ነው ልጅ የሚልኩት?»

«አዎ፣ ሰው ጠፍቶ ነው። ከላቀው ጋር ለምን ተጣሉ?»

«‹ፎቶውን የት እንዳነሳኸው ንገረኝ› ብለው ‹በሽማግሌ ፊት እንጂ በገበያ አልናገርም› አለኝ። ግትር! ሰደብኩት። አልገደልኩትም።»

«ዱላዎስ?»

«ሰኞ ከሽምግልናው ተናድጄ ከወጣሁ ወዲህ አላየሁትም።»

«የት ጣሉት?»

«ባውቅ ይጠፋኛል?»

አልጣሽ ሰውየውን አልወደደችውም። ይህ ግን ማስረጃ አይደለም።

ምሥራቅ ሱቋ ውስጥ ባቄላ እየሰፈረች ነበር። ቀና አላለችም።

«ሞቶ በተገኘበት ዋዜማ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሄጄ ነበር፤ ምን ያስደብቀኛል? ‹የዳባቱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሩ ላይ ስታርፍ ነው ያነሳሁት› አለኝ። በደኅና ትቼው መጣሁ። ፋንታዬ ይህን ሰምቶ ነው የደፋው።»

«ዳር ላይ ያለው ልጅ ማን ነው?»

«ለከብት ሣር የያዘ የባላገር ልጅ ነዋ። ደግሞ እሱን ምን ልታደርጊው ነው?»

አልጣሽ በሚኒባስ ዳባት ወርዳ ሱቁን አየች። በሩ ወደ ምዕራብ ይመለከታል፤ ፀሐይ የምታገኘው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ምሥራቅ ያለችው ልክ ይመስላል። ገዱ ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ።

በማግሥቱ ጠዋት የሽምግልናው መሪ መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ ቤት ሄደች። ትናንት በዓይኗ ብቻ ያየችው ፎቶ በአደራ እሳቸው ዘንድ ነበር። ከላቀው ጠረጴዛ ያመጣችውን አጉሊ መነጽር አወጣችና ፎቶው ላይ አጎነበሰች። ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን አነበበች። በላቀው እጅ ጽሕፈት «ሚያዝያ 5» ይላል፤ ዓመተ ምሕረቱን አይጥ በልቶታል።

«መሪጌታ፣ ቀዳም ስዑር ሚያዝያ አምስት ቀን የዋለባቸውን ዓመታት በባሕረ ሐሳብ ያውጡልኝ።»

«የሰው ነፍስ ጠፍቶ አንቺ ፋሲካ ትቆጥሪያለሽ?»

«እኔ አልችልበትም። የሚቆጥሩት እርስዎ ነዎት።»

እያጉረመረሙ ጣታቸውን መቁጠር ጀመሩ።

ያን ዕለት አራት ሰዓት ላይ ሁሉም በመሪጌታ ቤት ተሰበሰቡ። ፋንታዬ በካቴና ታስሮ ከገዱ ጎን ቆመ። ምሥራቅ ነጠላዋን አጣፍታ በር አጠገብ ተቀመጠች።

«ቶሎ በይ፣ ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት» አለች።

«ቶሎ ነው የምጨርሰው።» አልጣሽ ፎቶውን ከአጉሊ መነጽሩ ጋር ለገዱ ሰጠችው። «የሰውየው ግንባር ላይ ምን አለ?»

«ፎቶው ተፍቆ ነው።»

«ደህና አድርገህ እይ።»

ገዱ ዓይኑን አጠበበ። «የታሰረ ነገር ነው… ቀጤማ!»

«ልጁስ የያዘው?»

«እሱም ቀጤማ ነው። አንድ ሙሉ እስር። ልጁ ዲያቆን ነው!»

«ስለዚህ ቀኑ ቀዳም ስዑር ነው። መሪጌታ፣ በደባርቅና በዳባት ቀጤማ የሚታደለው ስንት ሰዓት ነው?»

«ጠዋት ነዋ። ጸሎቱ እንዳለቀ ቤት ለቤት እናድላለን፤ ቢዘገይ እስከ አራት ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ እስር ቀጤማ ተሸክሞ የሚዞር ዲያቆን እኔ አላየሁም።»

«የልጁ እስር ገና አልተነካም፤ ስለዚህ ሰዓቱ ጠዋት ነው። በሩን ደግሞ ፀሐይ ሞልቶታል፤ ሰውየው ዓይኑን ጨፍኗል ማለት ይቻላል። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ወደ ምሥራቅ የሚያይ በር ነው። የዳባቱ ወደ ምዕራብ ያያል። የደባርቁስ?»

«ወደ ምሥራቅ» አለ ገዱ። ሱቁን ሁሉም ያውቁታል።

ምሥራቅ ትከሻዋን ነቀነቀች። «የደባርቁ ቢሆንስ? አባቱ ከ1968 በኋላ የኛ ተከራይ ነበር። ያኔ የተነሳ ይሆናላ።»

«መሪጌታ፣ ዓመታቱን ይንገሯት።»

«1955፣ 1966፣ 1977፣ 1988» አሉ መሪጌታ።

«የፋንታዬ አባት በ1972 ሞቷል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ወጡ። በ1955 ላቀው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ ካሜራ አልያዘም። የቀረው 1966 ነው። አባትሽ ሠራው ከምትይው ሁለት ዓመት በፊት ሱቁ ቆሞ ነበር።»

ፋንታዬ ሳቀ። «ነገርኳችሁ!»

«እርስዎ ዝም ይበሉ፤ ገና አልጨረስኩም።» አልጣሽ ወደ ምሥራቅ ዞረች። «ላቀው የደብሩ ልጅ ነው፤ ቀጤማ ጠዋት እንደሚታደል ያውቃል። ፎቶውን ያነሳው ራሱ ነው። ‹ከሰዓት በኋላ፣ ዳባት› ሊል አይችልም። ያን ቃል አንቺ ነሽ የፈጠርሽው፤ ፎቶውን ያለ አጉሊ መነጽር ስላየሽው ቀጤማው ሣር መሰለሽ። ላቀው እውነቱን ቢናገር ፋንታዬ ሱቁን ያገኛል። ሱቅ የሚሰጠውን ሰው ለምን ይገድላል?»

«ዱላውስ?» አለ ገዱ።

«እዚህ ግቢ የሚሸመገል ሰው ዱላውን አጥር ሥር አስደግፎ ነው የሚገባው። አንተም ታውቃለህ። ፋንታዬ ሰኞ ተናድዶ ባዶ እጁን ወጣ። መሪጌታ፣ ዱላውን ማን ወሰደው?»

መሪጌታ ጥምጣማቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምሥራቅ ናት። ‹ላድርስለት› ብላ ይዛው ወጣች» አሉ።

ምሥራቅ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ገዱ በሩን ዘጋባት።

«ልጆቼን የወለድኩበት ቤት ነው!» አለች። «‹ነገ ደባርቅ ነው ብዬ እመሰክራለሁ፤ ሰው ፊት ሳታፍሪ ቀድመሽ ልቀቂ› አለኝ። የት ልሂድ? ጎዳና ላይ አላፍርም?»

«ዱላውን ከቤትሽ ይዘሽ ነው የሄድሽው» አለች አልጣሽ። «ላቀው ‹የደባርቁ ነው› ቢል ገድለሽው ፋንታዬ ላይ ልታላክኪ ተዘጋጅተሽ ነበር።»

ምሥራቅ ዞራ መሪጌታን አየቻቸው። ገዱ ካቴናውን ከፋንታዬ እጅ ፈትቶ በእሷ እጅ አጠለቀው።

«እርስዎስ?» አለች አልጣሽ ለመሪጌታ። «ሰው ታስሮ ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞስ ሰኞ ለት ‹ጥምጣም የጠመጠመ ውሸታም› ብሎ በሽማግሌ ፊት አዋርዶኛል። ጥቂት ቀን ቢታሰር ልብ ይገዛል ብዬ ነው። እንጂማ ገደለች ብዬ አልጠረጠርኩም።»

ፋንታዬ የእጁን አንጓ እያሻሸ ቀረባቸው። መሪጌታ ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በለኝ።»

«አራት ቀን ሲሚንቶ ላይ ተኝቻለሁ» አለ ፋንታዬ። «እርስዎም አራት ቀን ይጠብቁኝ።»

እጃቸው እንደተዘረጋ ወጣ፤ በሩንም ከኋላው ድርግም አድርጎ ዘጋው።