የጨው ውሃ የተባለው መድኃኒት

«ምን ቀላቅለውበታል?» ያለው ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ፤ ሴትዮዋ መጀመሪያ የመለሰችው ግን ጠፍቶብኛል። ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1937፥ ወሩ የወይን ለቀማ፥ አገሩም የሶቪየት ጆርጂያ ከተማ ትብሊሲ ነበር፤ እኔ ዓይኔን በፋሻ ታስሬ በሆስፒታል ተኝቼ ስለ ነበር ከጆሮዬ በቀር ምስክር የለኝም።

ጠያቂው የጎረቤት አልጋ በሽተኛ፥ ኤርሚሌ የተባለ የጉሪያ አውራጃ ሰው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ የእህል መጋዘን እስኪሆን ድረስ የዜማ መሪ ነበር። ከግንባሩ አጥንት በስተኋላ ያቋጠረው መግል አራት ዓመት አልደርቅ ብሎ፥ ሦስት ጊዜ ተበስቶ ታጥቦ፥ አሁን ወደ ዓይኑ ገፍቶአል፤ ሐኪሞቹም «ወደ አንጎል ከዘለቀ አበቃ» ብለዋል።

ሴትዮዋ ፔላጊያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ከምትክቫሪ ወንዝ ውሃ የሚገኝ፥ ዓይን የማያየው፥ ተሕዋስን እየበላ የሚኖር ፋጅ የሚሉት ነገር አለ፤ ከእርሱ የኤርሚሌን መግል የሚያጠፋውን ስትፈልግ ሁለት ወር ከረመች፤ አሥራ አንዱ እንቢ ብሎ አሥራ ሁለተኛው ጠርጎ በላው። በዚያው ሳምንት የላቦራቶሪው አለቃ «ሕዝብ ሊመርዙ ነበር» ተብለው ተወሰዱ፤ የእጃቸው ፊርማ ያለበት ብልቃጥ ሁሉ ይሰበር ተባለ። አንዱ አልተሰበረም፤ ኋላ እንደ ሰማሁት ፔላጊያ በቀሚሷ ሥር ደብቃ አመጣችው።

«ጓድ ልበልዎ ወይስ እሜቴ?» አለ ኤርሚሌ። «ጋዜጣው መርዝ ነው ብሎአል።»

«ቀስ ይበሉ፤ በሩ ክፍት ነው! ጋዜጣው ቤተ ክርስቲያንዎንስ ምን አለው?»

«የአይጥ ጎሬ።»

«አመኑት?»

ከኮሪደሩ የቦት ጫማ ኮቴ መጣ፤ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን፤ ኮቴው በራችን ላይ ጥቂት ቆመና አለፈ።

«በእኛ አገር» አለ ኤርሚሌ፥ «ጋባዥ ሳይቀምስ እንግዳ አይጠጣም።»

«እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ ለማን ይነግሩታል!» የብልቃጡ አንገት ቀጭ ሲል፥ እርስዋም ስትውጥ ሰማሁ። «ከአጎቴ ወይን ይሻላል» አለች። ከዚያም ጥቂት ቆይታ፦ «ይኸው አልሞትኩም። አንገትዎን ከአልጋው ጠርዝ ቁልቁል ይጣሉ፤ በአፍንጫዎ አንጠባጥበዋለሁ። ቢጠይቁዎት ግን የጨው ውሃ ነው ይበሉ።»

«አርባ ዓመት በመቅደስ የዘመርሁበት አፍ ነው እኮ! እንዴት ልዋሽበት?»

«እንግዲያስ እውነቱን ይናገሩና የእኔን ፍትሐት ይዘምሩበት።»

ኋላ እንዳየሁት የሆስፒታሉ መዝገብ «በጨው ውሃ ታጠበ፤ ተሽሎት ወጣ» ይላል፤ ታሪክ የያዘው ጨዉን ነው፤ የፔላጊያ የሁለት ወር ድካም፥ የተወሰዱትም አለቃ ስም አልተጻፈበትም። እኔ ከፋሻዬ ሥር የሰማሁት ሌላ ነው፤ አልጋው ሲጢጥ አለ፤ ኤርሚሌም ራሱን ቁልቁል የሰጠ ሰው በሚያወጣው በታነቀ ድምፅ፦

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ የጨው ውሃ ነው እላለሁ። ያንጠባጥቡ።»