የምላጭ ወንበር

«እድሳቱ አላለቀም እንዴ?» አላት ታላቅ ወንድሟ፣ ገና ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ።

«አላለቀም» አለች ልጅቷ ጫማዋን እየፈታች። ከትምህርት ቤት በተመለሰች ቁጥር የሚጠብቃት ይኸው ጥያቄ ነው። መልሱንም ያስጠናቻት እናቷ ናት።

ወንድሟ ፀጉር ቤት ተከራይቶ የሚሠራ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ከእጁ ፍጥነትና ከምላሱ ስለት የተነሳ ደንበኞቹ «ምላጭ» ይሉት ነበር። ወረፋ የሚጠብቀውን ሁሉ በሳቅ ሆዱን ሲያስይዝ ውሎ፣ ማታ የራሱ ድምፅ ተዘግቶ ይገባል። ባለፈው ዓመት መንገድ ሲያቋርጥ መኪና ገጨው። አጥንቱ ተጠገነ፤ አንጎሉ ግን ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ፣ የሰማው ነገር ሳይቆይ ይጠፋበት፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣ ጀመር። ከጆሮው በላይ ያለው ጠባሳ ላይ ፀጉር አልበቀለም።

ፀጉር ቤቱን አከራዩ ለሌላ ሰው ሰጠው። ይህን ለምላጭ የሚነግር ደፋር ግን ከቤቱ ጠፋ። እናት «እድሳት ላይ ነው» አለች፤ አባት አንገቱን ደፋ፤ ውሸቱም በዚያው የቤተሰቡ አባል ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ግን ምላጭ በመልሱ አልረካም። «እንግዲያው ሄጄ ሠራተኞቹን ላጣድፋቸው» ብሎ በሩን ከፈተ።

«እማዬ ሳትመጣ አይሆንም!»

«አንቺ ነሽ እንዴ የምታሳድጊኝ?» ብሎ ጮኸባት። ድሮ ጮኾባት አያውቅም። በሩ ላይ ልትገተር ትችል ነበር፤ ግን ደክሟታል። ክንዱን ይዛ አብራው ወጣች።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ አንድ የማያውቁት ወጣት የሕፃን ልጅ ማጅራት እያስተካከለ ነበር። ግድግዳው አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ወንበሩ ግን የድሮው ነው፤ የተቀደደው መደገፊያው ላይ ምላጭ የጠቀለለው ጥቁር ፕላስተር እንኳ አልተነሳም።

ምላጭ በሩ ላይ ቆመ። ልጅቷ አሁን መስታወት ይሰብራል ብላ ትንፋሿን ዋጠች። አልሰበረም።

«እድሳቱ አልቋል» አለ ቀስ ብሎ።

አዲሱ አስተካካይ ቶንዶሱን አጠፋ። ስለ ቀድሞው አስተካካይ አደጋ ሰምቶ ነበርና፣ ጠባሳውን ሲያይ ነገሩ ገባው። «ግባ ወንድሜ፣ አረፍ በል።»

«በገዛ ወንበሬ?»

ምላጭ የሚንቀጠቀጠውን እጁን ኪሱ ከቶ ወጣ። ጥቂት እንደሄዱ የአንድ ግቢ አጥር ተደግፎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። መንገደኛ ዞር እያለ ያየዋል። ልጅቷ አፈረች፤ ማፈሯ ደግሞ ይበልጥ አሳፈራት።

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

«አዎ።»

«አንቺም?»

«እኔም።»

«ነገር ይጠፋብኛል እንጂ እኮ ሞኝ አልሆንኩም» አለ። «ደግሜ ብጠይቅሽ እንዳትዋሺኝ።»

«ብታለቅስስ?»

«አለቅሳለኋ!» አለ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ። «ሥራ እንደሆነ የለኝ።»

ከአደጋው ወዲህ ሲቀልድ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። ልትስቅለት ሞከረች፤ ሳቁ ግን አልመጣላትም።

ራት ቀርቦ አራቱም ገበታ ከበቡ። ምላጭ ከሳህኑ ቀና አለ። ፊቱ ላይ የቀኑ ሐዘን ምልክት እንኳ የለም፤ ሁሉም ተጠርጎ ጠፍቷል።

«እማ፣ እድሳቱ አላለቀም እንዴ?»

እናት ጭልፋውን እንደያዘች «ትንሽ ነው የቀረው፣ የኔ...» ብላ ጀመረች።

ልጅቷ አባቷን አየችው። አባቷ ሳህኑን ያያል። አሁን ዝም ብትል ወንድሟ በልቶ ጠግቦ ይተኛል፤ ቤቱም በሰላም ያድራል። ብትናገር ያ ለቅሶ እዚሁ ገበታው ላይ ሊመጣ ነው፤ ምናልባት ነገም፣ ከነገ ወዲያም።

ወደ ወንድሟ ተጠጋችና እጁን ያዘች። መዳፏ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

«ቆይ እማዬ» አለች። «እኔ ልንገረው።»